ተዝካሩ የተበላው ባለ ወፍጮ

ማይክ ይዤ «አልናገርም» ያልኩት በሕይወቴ አንድ ቀን ብቻ ነው። ነገሩ ሁሉ ከጥቂት ደቂቃ በላይ አልፈጀም። በዚያች ጥቂት ደቂቃ ግን ሃያ ዓመት ሊሞላው ትንሽ የቀረውን ቦታዬን አጣሁ፤ ዛሬም እዚያው ወንበር ላይ መልሰው ቢያስቀምጡኝ ያንኑ አደርጋለሁ። እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ። ወሬ ማሳጠር አልችልበትምና ተደላድላችሁ ስሙኝ።

ስሜ ይታይሽ ነው። እናቴ ይህን ስም ስታወጣልኝ ምን እንደታያት አላውቅም፣ ብቻ መተዳደሪያዬ ሆኖ ቀረ። ፍኖተ ሰላም ውስጥ፣ ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ ባለ አንድ ቪዲዮ ቤት፣ የውጭ ፊልም እያየሁ በማይክ ለሕዝቡ በአማርኛ እናገር ነበር። ሰው ተርጓሚ ይለኛል። ግማሹን እተረጉማለሁ፣ ግማሹን እተርካለሁ ብል ይሻላል። ትምህርቴን ያቆምኩት ከስድስተኛ ክፍል ነው፤ እንግሊዝኛ ያስተማሩኝ ጀርባው የተገነጠለ አንድ መዝገበ ቃላትና ራሱ ፊልሙ ናቸው። አንዱን ቦታ አሥር ጊዜ እየመለስኩ አያለሁ። መጀመሪያ ፊታቸው ይገባኛል፣ ቀጥሎ ድምፃቸው፤ ቃሉ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። «ሴት ልጅ ማይክ ይዛ በወንድ መሐል» ያሉ ነበሩ። እነዚያው ሰዎች በኋላ የፊት ወንበር ለመያዝ ከገበያው ቀድመው ይወጡ ጀመር፤ «ለአንቺ ይታይሽ፣ ለእኛ ንገሪን» እያሉም በስሜ ይቀልዱብኛል።

ካወራኋቸው ፊልሞች ሁሉ ሕዝቡ ልቡን የጣለበት «ሩቅ ወደብ» የሚባል ተከታታይ ነበር። ከምድር በጣም ርቆ፣ ጨለማ ውስጥ የተንጠለጠለ ጣቢያ አለ፤ እዚያ ውስጥ የቀሩ ጥቂት ሰዎች ታሪክ ነው። አዛዧ ራሷን የተላጨች፣ ረጅም ግራጫ ቀሚስ የምትለብስ ሴት ናት። ሁሉም «ማዘር» ይሏታል። ማዘር እናት ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። ባል የላትም፣ ልጅ የላትም፣ ራሷ የተላጨ ነው፣ ልብሷ ግራጫ ነው፣ ትልቁም ትንሹም እናቴ ይላታል። እስቲ ፍረዱ፣ ይህቺ ሴት እማሆይ ካልሆነች ማን ናት? እማሆይ አልኳቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የፍኖተ ሰላም ሰው እማሆይ መርከብ ሲነዱ አየ። መጀመሪያ የተኮሱ ዕለት ትንሽ ጉርምርምታ ነበር፤ «ገዳሙን እየጠበቁ ነው» ስል ጸጥ አለ።

በሦስተኛው ሲዲ ላይ እስር ቤት የሚል ቃል ሰማሁ። ሴትዮዋ ወታደር ነበረች፤ ትእዛዝ አልፈጽምም ብላ ታስራ ራሷን የላጯት እዚያ ነው። ስሕተቴን ልናገር ተነሣሁ። በዚያው ቅዳሜ ግን እማሆይ ብቅ ሲሉ፣ ከጅጋ እየመጡ ሁልጊዜ ፊት የሚቀመጡት ገበሬ፣ አያ ፈንቴ፣ ከወንበራቸው ብድግ ብለው ሲቀመጡ አየኋቸው። በእውነተኛ መነኩሲት ፊት እንደሚነሡት። ልናገር የነበረውን ዋጥኩት።

ከእማሆይ ቀጥሎ የተወደደው የሞተሩን ክፍል የሚጠብቀው ሰው ነው። ወፍራም፣ ሳቂታ፣ ሞተሩን እንደ በሬ እያነጋገረ የሚሠራ። ስሙ ለአፍ አይመችም። ሞተሩ ሲነሣ ቁርጥ የእህል ወፍጮ ስለሚመስል «ባለ ወፍጮው» አልኩት። ያኔ ለማንም ያልተናገርኩት ሌላ ምክንያትም ነበረኝ። ባለቤቴ ሙሉቀን ወፍጮ ቤት ነበር የሚሠራው፤ ሽፋሽፍቱ ሳይቀር ዱቄት ለብሶ ነው ቤት የሚገባው። በዚያው ዓመት ክረምት ላይ ታመመ፣ በሳምንቱ አረፈ። ለቅሶው ላይ እንባ እምቢ አለኝ። ሴቶቹ ደረት ሲመቱ እኔ ግድግዳ አያለሁ።

ባለ ወፍጮው የሞተው ከዚያ በሦስተኛው ወር ነው። ጣቢያው አየር አለቀበት፤ ለሁለት ሰው የሚበቃ የለም። የራሱን ቱቦ ነቅሎ ለእማሆይ ሰካላቸው፤ እንዳይነቁበትም ቀልድ ይነግራቸው ጀመር። ቀልዱ መሐል ላይ ቀረ። ያንን ስናገር ድምፄ ተሰበረ፤ ለሙሉቀን ያላለቀስኩትን ሁሉ በማይክ አለቀስኩት። ቤቱ አብሮኝ አለቀሰ።

የባለ ወፍጮው አርባ ሲጠጋ በዋለው ቅዳሜ አያ ፈንቴ በፌስታል ንፍሮ ይዘው መጡ። ማን እንደጀመረው አላውቅም፣ መጀመሪያ ቀልድ ነበር። እኔም ዳቦ ደፍቼ መጣሁ። ጨርቅ ነጋዴው አያ ሰይድ «እኛም ጎረቤት ነን፣ ከለቅሶ አንቀርም» ብለው ቴምር አመጡ። ተበላ፣ ነፍስ ይማር ተባለ። ሲጀመር ሁሉም ይስቅ ነበር፤ ሲያልቅ የሚስቅ ሰው አልነበረም። ብዙም ሳይቆይ ተከታታዩ ተቋረጠ፣ ነገሩም በዚያው ተዘጋ።

ይኸው እንግዲህ አሥራ አምስት ዓመት ግድም አልፎ፣ «ሩቅ ወደብ እንደ አዲስ ተጀመረ» የሚል ወሬ መጣ። ያመጣችው ቤዛ ናት። ቤዛ የቪዲዮ ቤቱ ባለቤት የአያ ምንይችል ልጅ ናት፤ ከእግሬ ሥር ቁጭ ብላ እኔን እየሰማች ነው ያደገች። ባሕር ዳር ኮምፒውተር ተምራ ተመልሳለች። የመጀመሪያውን ክፍል በፍላሽ ይዛ መጣች፤ ይዛ ብቻም አልመጣች፣ ሦስት ሳምንት ተቀምጣ የሚሉትን ሁሉ በአማርኛ ጽፋ ከሥዕሉ ግርጌ አስገብታበታለች። ሥራው ንጹሕ ነው፤ ሐሰት አልናገርም።

«አባዬ፣ አሁን እኮ ማንም በማይክ አይተርክም» አለቻቸው። አያ ምንይችል ከልጃቸውም ከእኔም መቀያየም አልፈለጉም። ቅዳሜ ከሰዓት ጽሑፉም ይኑር፣ ይታይሽም ትናገር፣ ከዚያ የሚሻለውን አንዱን እንይዛለን አሉ። ቤዛ አንድ ነገር ጨመረች።

«ያሉትን ብቻ ነው የሚናገሩት፣ እታለም። ከራስዎ ከጨመሩ ማይኩ ይቀመጣል።»

ልጅቷ እኔን እታለም፣ አንቺ እያለች ነው ያደገች። በዚያ ቀን «እርስዎ» ስትለኝ አክብሮት አልመሰለኝም፤ በር ሲዘጋ ነው የተሰማኝ። እሺ አልኩ።

ዓርብ ዕለት ፊልሙን አስቀድሜ እንዳየው ሰጠችኝ። ግማሽ እንኳ ሳልደርስ መብራት ሄደ። ያየሁት ግን ይበቃኝ ነበር። እማሆይ ፀጉር አብቅለዋል፣ ነጭ፣ እስከ ወገባቸው። ለአያ ፈንቴ ምን ብዬ እንደምነግራቸው ስብሰለሰል አደርኩ።

ቅዳሜ ቤቱ ጢም አለ። ወጣቶቹ ከኋላ፣ አሮጌዎቹ ደንበኞቼ ከፊት። አያ ፈንቴ ዓይናቸው ሞራ ይዞታል፤ ሰው ይለያሉ፣ ፊደል ግን አያነቡም፣ ትናንሽ ነገርም አይታያቸውም። ሥዕሉ ተጀመረ። አንዲት አሮጊት ባዶ ጣቢያ ውስጥ ብቻዋን ናት። ግድግዳው ላይ ሁለት የቆርቆሮ ኩባያ ተንጠልጥሏል። ሁለቱንም ታወርዳለች፣ ሁለቱንም ትወለውላለች፤ አንዱን ትሞላለች፣ አንዱን ባዶውን መልሳ ትሰቅላለች። ከዚያ ሄዳ ሞተሩን ትጠርጋለች። አሥር ደቂቃ ሙሉ አንዲት ቃል የለም። ያሉትን ብቻ ተብያለሁ፣ ምንም አላሉም፤ ማይኩን ጭኔ ላይ አድርጌ ዝም ብዬ አየሁ። አያ ፈንቴ ምን እየሆነ እንደሆነ ለማወቅ አንገታቸውን ሲያስረዝሙ ልቤን በላኝ።

ሴትዮዋ ዞር ስትል ፀጉሯ ወረደ። ፊተኛው ወንበር ተንጫጫ። አያ ፈንቴ በትራቸውን ጨብጠው ቀስ ብለው ጠየቁኝ።

«ይታይሽ፣ እማሆይ ቆባቸውን ጣሉ?»

እኔ አፌን ሳልከፍት ቤዛ ፊልሙን አቁማ ከኮምፒውተሩ ጠረጴዛ ተነሣች። «እማሆይ አይደለችም፣ አያ ፈንቴ። ሆናም አታውቅም። ወታደር ናት፤ የላጯት እስር ቤት ነው። እታለም ተሳስተው ነው እንዲህ ሲነግሯችሁ የኖሩ።»

ዓይን ሁሉ እኔ ላይ ዐረፈ። ከኋላ አንዱ «ፋራ ትርጉም» ሲል ሰማሁት። መካድ እችል ነበር፤ ፊልሙ ያረጀ ነው፣ ማን ይፈትሻል? ተነሣሁ።

«እውነቷን ነው፣ ተሳስቻለሁ። መሳሳቴንም ያወቅሁት ያኔውኑ ነው። አያ ፈንቴ፣ እርስዎ ለእማሆይ ብድግ ሲሉ አይቼ አፈርኩና ዋጥኩት። ስሕተቱ የመዝገበ ቃላቴ ነው፣ ዝምታው ግን የራሴ ነው።»

አያ ፈንቴ በትራቸውን ብዙ አሻሹ። በስተመጨረሻ «ያልደፉት ቆብ አይጣልም» አሉ። «እንግዲያማ ኃጢአት የለባቸውም። እንኳን ደስ ያላቸው። ቀጥይ።» ቤቱ በሳቅ ሞላ፤ የእኔም ሸክም ወረደ።

ቀጠልኩ። ከዚያ በኋላ ያለው ሩጫ ነው። ወጣት ወጣት ልጆች በትልቅ መርከብ መጡ፤ እየሮጡ ይገባሉ፣ እየሮጡ ያስረዳሉ። «እንደምታውቂው» ብሎ ይጀምርና አንዱ ለአሮጊቷ የጣቢያውን ታሪክ ከሥሩ ይነግራታል። የምታውቀውን ለምን ይነግራታል? ለእኛ እየነገረን ነው እንጂ። ፍንዳታ፣ ጩኸት፣ እንደገና «እንደምታውቂው»። እኔም ያሉትን ብቻ እያልኩ ምላሴ ደረቀ። ቃል በቃል ነገርኳቸው፤ ቤዛ እንኳ ስሕተት አላገኘችብኝም።

ሊያልቅ ሲል በሩ ተከፈተና ባለ ወፍጮው ገባ።

አንድ ቀን አላረጀም። ያው ሆድ፣ ያው ሳቅ። ወጣቶቹ አፏጩ፣ ጭብጨባ ተነሣ። ትዝታው በሞተሩ ውስጥ ተቀምጦ ኖሮ ከዚያ መልሰው እንደሠሩት አንዱ ልጅ በሁለት ዓረፍተ ነገር አስረዳ። ሁለት። ባለ ወፍጮው ወደ አሮጊቷ ፈገግ ብሎ አንድ ነገር አለ። ከግርጌው «ናፈቅኩሽ?» የሚል ጽሑፍ ወጣ። ማንበብ የማይችለው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ።

አፌ አልከፈት አለኝ ብል ውሸት ነው። ተከፍቷል። «ይህንን አልናገርም» አልኩ።

ቤዛ ሥዕሉን አቆመች። ያሉትን ብቻ ተባብለን አልነበረም ወይ አለችኝ።

«ያሉትንም አልልም። ተዝካሩን በልተናል።»

ሳቁ ከኋላ መጣ። ቤዛም ፈገግ አለች። «እታለም፣ ልብ ወለድ እኮ ነው፤ ሲሪየስ አያድርጉት። በሳይንስ ልብ ወለድ ሁሉም ይቻላል፣ የሞተም ይነሣል።»

«ሁሉም ስለሚቻል ነው እኮ ሞቱ ያስለቀሰን። ያ ሁሉ መርከብ፣ ያ ሁሉ መሣሪያ እያላቸው ለአንድ ሰው ትንፋሽ መጨመር አልቻሉም። አሁን በሁለት ዓረፍተ ነገር ካስነሡት፣ ያኔ የሰጣቸው አየር ምን ነበር? እሱም ቀልድ ነበር?»

«እርስዎስ እማሆይን ፈጥረው የለ? እርስዎ ሲፈጥሩ ይሆናል፣ እነሱ ሲፈጥሩ አይሆንም?»

ልጅቷ ጠንካራ ናት፤ ያሳደግኋት እኔ ነኝ። «እኔ ስሕተቴን አሁን በፊታችሁ ተናዝዣለሁ» አልኳት። «እነሱም ይናዘዙ።»

በዚህ ጊዜ አያ ምንይችል ከበሩ መጡ። ሰው ገበያውን ጥሎ ነው የመጣ፣ ወይ ተናገሪ ወይ ማይኩን አምጪ አሉኝ፤ ክፉ ሰው ስላልሆኑ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነበር። ከፊቴ ያለው ምርጫ ግልጽ ነው። «ናፈቅኩሽ» የምትል አንዲት ቃል ብተነፍስ ቦታዬ የእኔ ነው። አንድ ነገር ልበልና አመጣለሁ አልኳቸው።

«አያ ፈንቴ» አልኩ፣ «መጀመሪያ ላይ ያላዩትን ልንገርዎ። አሮጊቷ ሁለት ኩባያ አላት። ሁለቱንም ትወለውልና በአንዱ ብቻ ትጠጣለች። ያ ሁለተኛው የእሱ ነው። በአሥራ አምስት ዓመት አልጣለችውም፣ ለሌላም አልሰጠችውም። ይህን ያሰበ ሰው ሞት የገባው ሰው ነው፤ እንዲህ ያለ አጀማመር እኔ በዚህ ወንበር ተቀምጬ አይቼ አላውቅም። ያንኑ ሰው ምን እንደነካው አላውቅም፣ በኩባያው ሞትን አስተምሮን ሲያበቃ በበሩ በኩል አስጨበጨበን። ባለቤቴን ሙሉቀንን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ፤ እህላችሁን ፈጭቶላችኋል። እሱ በር ከፍቶ አይገባም። እንደማይገባ ልቤ የተቀበለው እዚህ ነው፣ ባለ ወፍጮው የሞተ ዕለት። ስለዚህ ይህንን በእኔ አፍ አትሰሙትም።»

ማይኩን ለአያ ምንይችል ሰጠኋቸው። የሚያጨበጭብ የለም፣ የሚሳደብም የለም። አንድ ወጣት ብቻ «ፊልሙ ይቀጥል» አለ። በሁለቱ የወንበር ረድፎች መሐል አልፌ ወጣሁ። ውጭ ፀሐዩ ገና ነበረ፤ ገበያተኛው በግ እየጎተተ ያልፋል።

ሳምንቱን ቡሬ እኅቴ ቤት ሰነበትኩ። እኅቴ፣ ለአንድ የፈረንጅ ሆዳም ብለሽ ቦታሽን ለቀቅሽ ወይ ብላ ከት ብላ ሳቀችብኝ። እኔም ሳቅኩ። ግን ሳስበው ከረምኩ፤ ያሰብኩትንም ለእናንተ ለምትሰሙኝ እነግራችኋለሁ።

እስከዚያ ቀን ድረስ እኔ ከፊልሙ ጀርባ ተደብቄ የምኖር ሰው ነበርኩ። ጥሩ ከሆነ የፈረንጆቹ ሙያ፣ ካልገባኝ የእኔ ድንቁርና ነው። ሰው ቤት ቀርቦልን ጨው ጎደለው ማለት እንደሚያስነውረን፣ ከሩቅ የመጣ ነገር ሁሉ ሲቀርብልን አመስግነን እንድንውጥ ማን እንዳስለመደን እንጃ። ስድስተኛ ክፍል ላይ ያቆመ ሰው ቃል ሊሳሳት ይችላል፤ እኔ ተሳስቻለሁ። ለቅሶና ተዝካር ግን ክፍል የለውም። የሞተ ሰው ሲቀለድበት ለማወቅ እንግሊዝኛ አያስፈልገኝም። ቤዛ በቃሉ ትበልጠኛለች፣ ይህን ለማንም እመሰክራለሁ። እኔ ደግሞ ቃል በሌለበት ቦታ የሚሆነውን አያለሁ። ይህ የእኔ ነው፤ ማይክ የሰጠኝ አይደለም፣ ማይክ የሚወስድብኝም አይደለም።

ስለ ክፍሉ ፍርዴን ጠይቁኝ እንጂ አልደብቅም። ተዋናይዋ አርጅታ በልጣለች። የሞተሩ ድምፅ አልተለወጠም፤ ሲነሣ ሰውነቴን ወረረኝ። ከአሥረኛው ደቂቃ በኋላ ያለው ግን ተመልካቹን የማያምን ሰው ሥራ ነው። ያ በር ደግሞ መከፈት አልነበረበትም። ችኩል ነሽ፣ በመጀመሪያው ክፍል ፈረድሽ የሚሉኝ አሉ። የቀረበልኝ የመጀመሪያው ክፍል ነው፤ የፈረድኩትም በቀረበልኝ ላይ ነው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ከቡሬ በሚኒባስ ተመልሼ ቪዲዮ ቤቱ ገባሁ። እንደ ማንኛውም ተመልካች። ከአያ ፈንቴ አጠገብ ተቀመጥኩ። የተርጓሚዋ ወንበር ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል፤ ቤዛ ኮምፒውተሯ ላይ አጎንብሳ ቀና አላለችም። ሁለተኛው ክፍል አንደኛው ካቆመበት ተነሣ። ባለ ወፍጮው በሩ ላይ ቆሞ ይስቃል። አሮጊቷ ታየዋለች። ብዙ አየችው። ከዚያ ወደ ግድግዳው ሄደች።

ከግርጌው ጽሑፍ የለም። ምን ይጻፍበት? ከኋላ ወንበር ይንቋቋ ጀመር። አያ ፈንቴ ወደ እኔ ተጠጉ። እማሆይ እንዳልሆኑ ተነግሯቸውም አንቱታውን አልተዉም።

«ምን አሉት?»

መናገሩ አሁን የእኔ ሥራ አይደለም። ሥዕሉ በድንገት ቆመ። ቤዛ ናት ያቆመችው። ቀና ብላ ታየኛለች።

«ንገሪያቸው፣ እታለም» አለችኝ።

አንቺ አለችኝ።

ያለ ማይክ ተነሣሁ፤ ድምፄ ኋላ ወንበር ድረስ ደረሰ። «ምንም አላሉትም» አልኩ። «ሁለተኛውን ኩባያ አወረዱ፣ ወለወሉት፣ እሱን እያዩ ባዶውን መልሰው ሰቀሉት።»

አያ ፈንቴ በበትራቸው ተደግፈው ከወንበራቸው ብድግ አሉ፤ ከዚያ ተቀመጡ።